ሥራ አጥ ነኝ፤ ሥራ ፈት ግን አይደለሁም
(ሶደሬ ላይ በወጣቶች የውሎ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር፣ ለገጻችን ተከታዮች በጽሑፍ)



ዛሬ ጠዋት ከአዳማ ስንመጣ መኪናው ውስጥ ዞር ብዬ አየሁ። አብዛኞቻችን አንገታችንን ደፍተን ስልክ ላይ ነበርን። እኔም አንዱ ነኝ። እዚህ ደርሰን ዛፍ ሥር ቁጭ እንዳልን ደግሞ አንዷ ጦጣ መጥታ ዳቦዬን ከእጄ መንትፋኝ ሄደች። ሳቃችሁብኝ፣ ልክ ናችሁ። ዳቦው እጄ ላይ ነበር፤ ዓይኔ ግን ስልኬ ላይ ነበር። ጦጣ ደግሞ የሚያየውን ሰው ትታ የማያየውን ነው የምትመርጠው።

የሶደሬ ጦጣ የወሰደችብኝ አንድ ዳቦ ነው። ስልኬ የወሰደብኝን ልንገራችሁ።

በውሃ ሀብት ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሥራ የለኝም። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እሷ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሳለች፣ እኔ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እነሳ ነበር። እሷ ምጣድ ስታሰማ እኔ ገና እንቅልፍ ይዞኝ መሄዱ ነው፤ ምክንያቱም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ቪዲዮ ሳገላብጥ ነው የማመሸው። ለጎረቤት ግን "ልጄ ኢንጂነር ነው" ትላለች።

አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በእኔ ሙያ ማስታወቂያ አወጣ። የምዝገባው ጊዜ አምስት የሥራ ቀን ነው። ማስታወቂያውን ያየሁት በመጀመሪያው ቀን ነበር። "ነገ ዶክመንቴን ኮፒ አደርጋለሁ" አልኩ። ነገ ጨዋታ ነበረ። ከነገ ወዲያ መብራት ጠፋ። በስድስተኛው ቀን ፋይሌን ይዤ ስሄድ መዝጋቢዋ በትህትና "ወንድሜ፣ ትላንት ተዘጋ" አለችኝ።

ቤት ስገባ እናቴ "ምን አሉህ ልጄ?" አለችኝ። እኔም "በዘመድ ነው የሚቀጥሩት እማ" አልኳት። ዋሸኋት። እሷም አምናኝ ስለ እኔ አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ በዘመድ የሚቀጠር ሰው የለም እያልኩ አይደለም። የሥራ አጡ ቁጥር የበዛው ሁላችንም ሰነፎች ስለሆንን ነው የሚለኝንም አልቀበልም። ግን የዚያን ቀን በደሉ የማንም አልነበረም፣ የእኔ ነበር። ያን ቀን ነው ሁለት ቃላት የተለዩልኝ። ሥራ አጥ መሆን አለ፣ ሥራ ፈት መሆን አለ። የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ሊያደርግብህ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ራስህ ነህ የምታደርገው።

እስቲ ወደዚያ ተመልከቱ፣ አዋሽ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሳል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በመጨረሻም በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። እንደኛ ቢሆን ኖሮ "ባሕር ካልደረስኩ ምን ዋጋ አለኝ?" ብሎ ይተኛ ነበር! ግን ምን ሠርቶ እንደሚያልፍ እዩ። ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ መብራት ያመነጫል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የሚባሉት ጣቢያዎች ያንኑ ውሃ ተቀብለው ደግመው ያሠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አገዳውን ያበቀለው በዚሁ ውሃ ነው። መተሐራም እንደዚያው።

የተማርኩት ትምህርት እዚህ ጋ ጠቀመኝ። ግድብ ውሃ አይጨምርም። ቆቃ ሲገደብ አዋሽ ላይ አንድ ጠብታ አልተጨመረም። ግድቡ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ክረምት ላይ አጥለቅልቆ የሚያልፈውን ውሃ ያዘና በጋ ላይ በልክ ለቀቀው። የእኔም የአንቺም ቀን 24 ሰዓት ነው፣ ማንም አይጨምርልንም። የጎደለን ሰዓት አይደለም፣ ግድብ ነው።

ታዲያ ግድቡ እንዴት ይሠራል? እኔ የሞከርኩትንና የጠቀመኝን አምስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ውሃውን ለኩ። መሐንዲስ ወንዙን ሳይለካ አይገድብም። ለሰባት ቀን ደብተር ይዤ በየሰዓቱ የሠራሁትን ጻፍኩ። ሳላሳምር፣ ሳልዋሽ። ስልካችሁ ውስጥ በቀን ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ የሚያሳይ ቦታ አለ፤ እሱንም ተመልከቱ። የእኔ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ ነበር። ስድስት ሰዓት! እናቴ በዚያ ሰዓት ጋግራ፣ ሸጣ፣ ጤፍ አስፈጭታ ትመለሳለች።

ሁለተኛ፣ የጠዋቱን ሰዓት ለስልክ አትስጡ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ቀናችን ከፀሐይ ጋር ይጀምራል። ይህ ራሱ ምክር ነው። አሁን ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ዳታ አላበራም። ስልኩን እናቴ ጓዳ አስቀምጠዋለሁ። በዚያ ሰዓት የቀኑን ከባድ ሥራ ብቻ ነው የምሠራው። ከከባዱ ስትጀምር የቀረው ቀን ይቀልልሃል። ከቀላሉ ስትጀምር ግን ከባዱ ለነገ ያድራል፣ ነገ ደግሞ የራሱ ቀላል ነገር አያጣም።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ቆራርሱት። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ እያለ ማጥናት አቃተው። የቲማቲም ቅርጽ ያለው የማብሰያ ቤት ደወል ነበረውና እሱን እየሞላ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ዘዴው በዓለም ሁሉ "ፖሞዶሮ" ይባላል፤ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ እረፍት። በቃ ይኸው ነው። የመቂና የቆቃ ልጆች ከቲማቲም ጋር ያደጋችሁ ናችሁ፣ ይህቺኛዋንም ሞክሯት። "ሙሉውን መጽሐፍ አነባለሁ" ስትል ትፈራለህ። "25 ደቂቃ አነባለሁ" ስትል ግን ትጀምራለህ።

አራተኛ፣ ለሥራው ቀጠሮ ቁረጡለት። እንግሊዛዊው ሲረል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 በጻፈው ጽሑፍ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ግን እውነት ነው። ሲቪዬን "ላስተካክል" ብዬ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። በኋላ ግን "ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ያልቃል" አልኩና 11 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። አለቃ የሌለን እኛ ነንና፣ አለቃችን ቀጠሮው ይሁን።

አምስተኛ፣ ብቻችሁን አትግፉ። ደቦና ወንፈል የማን ነው? የእኛ ነው! አባቶቻችን ማሳው ሲከብዳቸው ጎረቤት ይጠሩ ነበር፤ ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የጥናት ወንፈል ገባን። ማታ ማታ ሦስታችን ቴሌግራም ላይ ነገ የምንሠራውን ሦስት ነገር እንጽፋለን፣ በማግስቱ ማታ ምልክት እናደርጋለን። ያልሠራ ሰው አይሰደብም፤ "ምን ያዘህ?" ብቻ ይባላል። አምናችሁ ሞክሩት፣ ይህቺ "ምን ያዘህ?" የምትባል ጥያቄ ከአልጋ ታስነሳለች።

አንዳንዶቻችሁ "ሥራ ሳይኖረኝ ምኑን ነው የማቅደው?" ትሉ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። ቤታችሁን ዙሪያ እዩ። እኔ የእናቴን ሂሳብ መያዝ ጀመርኩ። ጤፉን፣ ማገዶውን፣ ዱቤውን ሁሉ ጻፍኩ። በወሩ መጨረሻ ስንደምረው ትርፉን የሚበላው ዱቤው ሆኖ ተገኘ። አሁን ዱቤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። ማንም አልቀጠረኝም፣ ደመወዝም የለውም፤ ግን የቤታችን ገንዘብ ከመፍሰስ ዳነ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ፤ እሱ ለትራንስፖርትና ለኮፒ ይበቃኛል። ኮፒ የምላችሁ በምክንያት ነው፣ አሁን ዶክመንቴ ሁሌም ኮፒ ተደርጎ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ ግን። ሌት ተቀን ሩጡ አላልኩም። ከዚህ ወደ ደቡብ አሰላን አልፋችሁ በቆጂን ጠይቁ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከዚያች ከአንድ ትንሽ ከተማ ነው የወጡት። ሯጭ በየቀኑ አይወዳደርም፤ ከባድ ቀን አለው፣ ቀላል ቀን አለው፣ ይተኛል። እረፍትም በፕሮግራም ሲሆን የሥራው አካል ነው። ዛሬ ሶደሬ የመጣነውም ለዚያ ነው። ፍል ውሃው ውስጥ ስትገቡ ግቡ፤ ስልኩን ግን ውጭ ተዉት፣ ጦጣ እንዳይወስደው ብቻ ጠብቁት!

በመጨረሻ ስለ ሀገር አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። እኛ እዚህ ገጽ ላይ ሀገራችንን እንወዳለን ብለን እንጽፋለን። ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ ማድረግ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የቀሩት ደቂቃዎችስ? ሀገር የምትባለው በኮመንት ብዛት አትሠራም። ሰዓቱን ጠብቆ በሚከፍት ባለሱቅ፣ ተዘጋጅቶ በሚገባ መምህር፣ በ10 ሰዓት በምትነሳ እናት ነው የምትሠራው። ሀገር ወዳድ ከሆንክ መጀመሪያ ለእናትህ ድረስላት።

እኔ እስከ ዛሬ ሥራ አላገኘሁም። ይህን የምነግራችሁ ተሳክቶለት እንደሚመክር ሰው ሆኜ አይደለም። ገና አዋሽ ላይ ነኝ፣ ባሕሩም ላይኖር ይችላል። ግን ባለፈው ወር ለእናቴ ያንን ውሸት ነገርኳት። "አውቄ ነበር" አለችኝ። ከዚያም "አሁን ግን ስትነሳ እሰማሃለሁ" አለች። ይህቺ ቃል ለእኔ ከደመወዝ በላይ ናት።

ይህን ያነበብክ ወንድሜ፣ ይህን ያነበብሽ እህቴ፤ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለነገ የምትሠሩትን አንድ ከባድ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሰዓቱንም ጻፉበት። ከዚያ ስልኩን ዝጉት። ሼሩ ይደርሳል።

ሥራችን ይባረክ!