ሪፈር ከመጻፉ በፊት



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ትንሽ ተናገሪ» ብለውኛል። የአጥንት ሐኪም ነኝና ስለ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ላውራ፤ ስለ ቁርጭምጭሚት።

ቅልጥም መሃሉ ላይ ትንሽ ዘንበል ብሎ ቢገጥም ብዙ ሰው ይሄድበታል። ቁርጭምጭሚት ግን ምሕረት የለውም። ራምሲና ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ታለስ የተባለው አጥንት 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲንሸራተት የመገጣጠሚያው ንክኪ በ42 በመቶ ቀንሷል። የፊቡላን ርዝመት መልሰን በፕሌትና በብሎን የምናስረው ለዚህችው ሚሊ ሜትር ብለን ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እኛ ጋ ሳይደርስ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ከባጃጅ ወድቆ፣ እግሩ ወደ ጎን ዞሮ፣ ቆዳው ተወጥሮና ገርጥቶ ወረዳ ሆስፒታል ይገባል። ተረኛው ሐኪም ሪፈር ይጽፋል፤ አምቡላንስ ይጠበቃል። የተወጠረ ቆዳ እኮ አምቡላንስ አይጠብቅም! እኛ ጋ ሲደርስ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ እናገኘዋለን። እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው እስኪጨማደድ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። ቆዳው ከሞተ ደግሞ ጭንቀታችን ብሎኑ መሆኑ ይቀርና እግሩን ማትረፍ ይሆናል።

ይህን ለማስቀረት ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። ማስታገሻ መስጠት፣ ጡንቻው እንዲላላ ጉልበቱን ማጠፍ፣ ተረከዙን ይዞ ስቦ ወደ ቦታው መመለስ። የደም ዝውውሩንና ስሜቱን በፊትም በኋላም ማየት። ጀሶው ከኋላ በኩል ግማሽ ይሁን፤ ዙሪያውን ከታሰረ ለእብጠቱ ቦታ አይኖረውም። እግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቆዳው አደጋ ላይ ከሆነ ራጅ እንኳ አይጠበቅም።

ወጌሻን ማማት ለኛ ቀላል ነው። በጥብቅ ታስሮ ጣቱ የጠቆረ ልጅ ሲመጣ እኔም እናደዳለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ወጌሻው ቢያንስ በዚያው ሌሊት እግሩን ነክቶታል።

መምህሮቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ማንም ኢንተርን ሲኒየሩ አጠገቡ ቆሞ አንድ ውልቃት በገዛ እጁ ሳይመልስ፣ አንድ ግማሽ ጀሶ ሳያስር አይመረቅ። በስላይድ ብቻ አይሆንም። ማሳየቱን እኔም እችላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመቸኛል፣ ጀሶውንም ይዤ እመጣለሁ።