ለቁጠባ ደብተራችን የሚሆን ታብሌት፦ ከእጃችን አንፃር ስናየው

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ የግዢ ኮሚቴው ያሰማው ንግግር)



የቁጠባና የብድር ሒሳባችን ከወረቀት መዝገብ ወደ ታብሌት እንዲዛወር ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። ገንዘቡን ከደጋፊዎቻችን አግኝተናል፤ ከልብ እናመሰግናለን። ለእኛ ለኮሚቴው የተሰጠን ሥራ የትኛው ቢገዛ ይሻላል የሚለውን አይተን ማቅረብ ነው። ስለ ፍጥነትና ስንት ፎቶ እንደሚይዝ የሚያስረዳ ሰው አላጣንም፤ ሱቅ በገባን ቁጥር የሚነገረን እሱው ነበር። እኛ ግን ያየነው ለእጅና ለዓይን እንዴት ነው የሚለውን ነው። ምክንያቱም ገንዘብ የምትሰበስበው እህታችን ቅዳሜ ጠዋት ቤት ለቤትና ጉልት ለጉልት ስትዞር ቆማ ነው የምትጽፈው። አንዳንዷም ልጅ አዝላ ነው።

ለንጽጽር የያዝናቸው ሦስት ናቸው። ካላቸው የአባላት ልጆች ተውሰን አንድ ሳምንት ይዘናቸው ዞርን። አንደኛው የአፕል 9ኛ ትውልድ አይፓድ ነው፤ ስክሪኑ 10.2 ኢንች፣ ክብደቱ 487 ግራም። ሁለተኛው የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ8 ነው፤ 10.5 ኢንችና 508 ግራም። ሦስተኛው የዚያው የሳምሰንግ ትንሹ፣ ጋላክሲ ታብ ኤ7 ላይት ነው፤ 8.7 ኢንችና 366 ግራም። የጠራነው ክብደት ሲም የማይወስዱትን፣ በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩትን ነው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆኑ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ መጥተዋል፤ የእኛ አቅም ግን እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ትልልቆቹ ግማሽ ኪሎ ስኳር ማለት ናቸው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ከሱቅ ይዞ መምጣት ማንንም አያደክምም። ክንድን አጥፎ፣ ዕቃውን ከፊት ይዞ፣ በሌላው እጅ እየጻፉ ሩብ ሰዓት መቆም ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንጓ ላይ ይሰማል። ሽፋን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ያለ ሽፋን መያዝም አይታሰብም፣ አንድ ቀን ከእጅ ማምለጡ አይቀርም። ወርዱም ልዩነት አለው። አይፓዱን አቁመን ስንይዘው ወርዱ ከ17 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ትንሹ ሳምሰንግ 12 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ትንሹን መዳፍ ከጀርባው አቅፎ ይይዘዋል። ትልቁን ግን አንድም ጠርዙን መቆንጠጥ ነው፣ አንድም እንደ ትሪ ክንድ ላይ ማስተኛት ነው።

ይህ የትልቅና የትንሽ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። የመጀመሪያው አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ 9.7 ኢንችና 680 ግራም ነበር። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ 7 ኢንች የሆነ፣ 380 ግራም የሚመዝን ታብሌት አወጣ። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ያን ጊዜ 7 ኢንች በጣም ትንሽ ነው፣ ተጠቃሚው ጣቱን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ማሳነስ ሊኖርበት ነው ብለው አሾፉ። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ2012 ያው ኩባንያ 7.9 ኢንች የሆነውን አይፓድ ሚኒ አወጣ፤ ክብደቱ 308 ግራም ነበር። ይህን የምናነሳው ስም ስላለው ብቻ አይፓድ ይሁን የምትሉ እህቶች ስላላችሁ ነው። ትንሽና ቀላል የሚፈልግ እጅ እንዳለ አምራቾቹም ቆይተው የተቀበሉት ነገር ነው።

ስለ ጣት ከተነሳ አይቀር፣ አይፓዱ በጣት አሻራ ይከፈታል፤ ሁለቱ ሳምሰንጎች ይህ የላቸውም። መልካም ነገር ነው። ሆኖም አሻራ የሚያነብ ዕቃ ሁሉ የጣት መስመር ይፈልጋል። በልብስ እጥበትና በበርበሬ ሥራ መስመሩ ያለቀ ጣት ላይ ይቸገራል። የባልትና ቡድናችን አባላት የምንለው ይገባችኋል። ስለዚህ በየትኛውም ዕቃ የምሥጢር ቁጥር መያዛችን አይቀርም።

አሁን ብዙ ወዳከራከረን ነገር እንምጣ። ሲነገር 10.5 ከ10.2 ይበልጣል። ግን ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ነው፤ ስፋቱን አይነግረንም። የአይፓዱ ስክሪን ወደ አራት ማዕዘን ደብተር የቀረበ ቅርጽ አለው፤ ርዝመቱ 4 ቢሆን ወርዱ 3 ነው። ታብ ኤ8 ረዘም ብሎ የጠበበ ነው፤ 16 ቢረዝም ወርዱ 10 ነው። አስልተን ብናየው የሁለቱም ስፋት 320 ካሬ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ እንዲያውም አይፓዱ በጥቂቱ ይበልጣል። ረዥሙ ለፊልም ይመቻል፤ እኛ ፊልም አናይበትም። የእኛ ሰንጠረዥ ስም፣ ቀን፣ ቁጠባ፣ ብድር፣ ቅጣት፣ ቀሪ የሚል ነው። አቁመን ስንይዘው ጠባቡ ላይ ወይ ፊደሉ ያንሳል፣ ወይ የመጨረሻው ዓምድ ከስክሪኑ ይወጣል። የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ቀሪ» ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ከአባሎቻችን ፊደል ያልቆጠሩ አሉ፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ። ሰብሳቢዋ ደብተሩን ወደ እነሱ ታዞራለች፣ ቀሪያቸውን በዓይናቸው ያያሉ፣ ከዚያ ይፈርማሉ። አንዲት እናታችን ትንሹን ዕቃ እያገላበጡ «ደብተሩ ወደ እኔ ይዞር ነበር፤ ይኼስ ይዞርልኛል?» ብለው ጠየቁን። ከሱቅ ነጋዴዎች ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው። ሞከርነው። ታብሌት ቀና ተደርጎ ሲዞር ጽሑፉ አብሮ ይዞራል። ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ ሲዞር ግን ጽሑፉ አይከተልም፤ ማዞሪያው የሚሠራው በመሬት ስበት ስለሆነ ማን ፊት እንዳለ አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማዞሪያውን መቆለፍና ዕቃውን እንደ ደብተር ራሱን ማዞር። ሰብሳቢዎቻችን ሁሉ ይህን መልመድ አለባቸው። ቀሪዋን ያላየች አባል እንዳትፈርም።

ታዲያ ለጠረጴዛ አይፓዱ፣ ለዙረት ትንሹ ሳምሰንግ ይሻላል ማለታችን ነው? በቅርጽ ብቻ ቢሆን አዎ። አይፓዱ አሮጌ ቅርጽ ነው የሚያሰኘው ወፍራም ጠርዙ እንኳ፣ አግድም ሲያዝ ለአውራ ጣት ማረፊያ ይሆናል፤ ስክሪኑን ሳይነኩ መያዝ ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ዕቃ ማለት ሁለት ዓይነት ትምህርትና ሁለት ዓይነት ቻርጀር ማለት ነው። ይህ አይፓድ የራሱን ገመድ ይፈልጋል። ሁለቱ ሳምሰንጎች ግን ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ ያለውን ዩኤስቢ ሲ ገመድ ይቀበላሉ፤ ባትሪ ሲያልቅ ከጎረቤት የሚገኘው እሱ ነው። ገንዘብ ያዣችን አሁንም አይፓዱን ነው የምትመርጠው፤ ለሦስት ሰዓት ስብሰባ የምትቀመጠው እሷ ስለሆነች አንፈርድባትም።

የብዙዎቻችን ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ ለሁለቱ ሰብሳቢዎች ሁለት ታብ ኤ7 ላይት፣ ለገንዘብ ያዣችን አንድ ታብ ኤ8 ከማቆሚያ ሽፋን ጋር ይገዛ። ትንሹ ላይ ሰንጠረዡ በሙሉ አይታይም፤ የአንዲት አባል ገጽ ብቻ ይከፈታል፣ «ቀሪ» ከላይ በትልቁ ይጻፋል። ፀሐይ ላይ ሦስቱም ያንጸባርቃሉ፤ ከጉልቷ ጥላ ሥር ገብቶ መጻፍ ነው። የአባላት የወረቀት ደብተር ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ጎን ለጎን ይቀጥል።

ሦስቱንም ዕቃዎች ዛሬ ይዘን መጥተናል። ቡናው እስኪፈላ ከእጅ ወደ እጅ ይዙሩ። ተቀምጣችሁ ብቻ አይደለም፤ ቆማችሁ ያዟቸው፣ ስማችሁን በአማርኛ ጻፉባቸው፣ መነጽር ያላችሁም አውልቃችሁ እዩ። ከሦስተኛው ቡና በኋላ እጅ በማውጣት እንወስናለን።