ካውንስለር ለመሆን ለምታስቡ፦ ከመክፈላችሁ በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ይህን ርእስ የሰጠኝ፣ በነርስነት እየሠራሁ የካውንስለርነት ሥልጠና ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለደረስሁ ነው። ብዙዎቻችሁ «እኔም ብማር ደስ ይለኛል፤ ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር ያለውን መንገድ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንፈትሽ። ካውንስለርን በአማርኛ «አማካሪ» እንለዋለን። ምክር ደግሞ በእኛ ዘንድ «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ» ማለት ነው። ሽማግሌ ይመክራል፣ የነፍስ አባት ይመክራል፣ ታላቅ እህት ትመክራለች። ካውንስሊንግ ይህ አይደለም። ሰውየው የልቡን ተናግሮ፣ የተናገረውን ራሱ ሰምቶ፣ ራሱ እንዲወስን ሳይፈርዱና ሳይቸኩሉ አብሮ መቀመጥ ነው። ለነርስ ይህ ይከብዳል፤ ችግር ስናይ እጃችን ወደ ሥራ ይሮጣል። ስለዚህ «ሰው ሁሉ ምክር ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣል» ማለት ብቻውን ለዚህ ትምህርት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ሕጉን እወቁ። በዚህ አገር «የተመዘገበ ነርስ» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። «ካውንስለር» እና «ሳይኮቴራፒስት» ግን አልተጠበቁም። የሁለት ቀን ኮርስ የወሰደ ሰውም በስሙ ካርድ ማሳተም ይችላል። በኢንተርኔት በርካሽ «ዲፕሎማ» የሚሸጡትም ለዚህ ነው። ወረቀቱን ይሰጧችኋል፤ በር ግን አይከፍትላችሁም። ቀጣሪዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ፕሮፌሽናል ስታንዳርድስ ኦቶሪቲ እውቅና በሰጠው መዝገብ ላይ መኖራችሁን ነው። ከእነዚህ መዝገቦች መካከል የቢኤሲፒ፣ የዩኬሲፒ እና የኤንሲፒኤስ ይገኙበታል።

ስለዚህ ከመጨረሻው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የት መሥራት ትፈልጋላችሁ? ያ ቦታ የትኛውን መዝገብ ይጠይቃል? መዝገቡስ የትኛውን ኮርስ ይቀበላል? ለምሳሌ ቢኤሲፒ ኮርሱ ቢያንስ አንድ ዓመት በሙሉ ጊዜ ወይም ሁለት ዓመት በትርፍ ጊዜ የሚሰጥ እንዲሆን፣ በውስጡም ቢያንስ 100 ሰዓት በሱፐርቪዥን ሥር ከተገልጋዮች ጋር የሚሠራ ልምምድ እንዲኖረው ይፈልጋል።

የተለመደው መንገድ በኮሌጅ በኩል ነው። ደረጃ 2 የማዳመጥ ክህሎት ነው፤ ደረጃ 3 ትምህርቱን ያጠልቃል፤ ደረጃ 4 ዲፕሎማው ነው፣ በትርፍ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ዓመት አስቡ። ዲግሪ ያላችሁ በዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ መግባት ትችላላችሁ፤ ብዙዎቹ ግን አስቀድሞ የክህሎት ኮርስ መውሰዳችሁን ይጠይቃሉ። ዲግሪያችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ፣ እዚህ አገር ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን ዩኬ ኢኒክ ከሚባለው ድርጅት ማረጋገጫ ማውጣት ይቻላል። እኔ የምለው ግን ሁላችሁም ከደረጃ 2 ጀምሩ። ወጪው ያነሰ ነው፤ ሥራው የእናንተ መሆን አለመሆኑንም ያሳያችኋል።

ስለ ገንዘብ ስትጠይቁ በኮሌጁ ክፍያ አታብቁ። ሱፐርቪዥኑን ማን ይከፍላል? ራሳችሁ ቴራፒ መግባት ግዴታ ነው ወይ? ከሆነስ ስንት ሰዓት? ኢንሹራንስስ? የልምምድ ቦታ ኮሌጁ ያገኝላችኋል ወይስ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ? ልምምዱ ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። በሺፍት የምትሠሩ ደግሞ ከማመልከታችሁ በፊት አለቃችሁን አነጋግሩ፤ የክፍሉ ቀን እንደ ሺፍት አይቀያየርም።

ማመልከቻው ላይ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ሁሉም ይጽፋል። አንባቢው የሚፈልገው ራሳችሁን ምን ያህል እንደምታውቁ ነው። ስደትም ሐዘንም ያየን ሰዎች ነን፤ ታሪካችሁን ለማስለቀስ አትጻፉት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስለ ራሳችሁ የተረዳችሁትን ጻፉ። ቁስሉ ገና ትኩስ ከሆነ መጀመሪያ ራሳችሁ ታከሙ፤ ኮርሱ ይቆያችኋል። በቃለ መጠይቁ፣ ኑሮው ከእምነታችሁ ጋር የማይስማማ ሰው ቢመጣ ምን እንደምታደርጉ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ለፈተናው ብላችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ ስትሉ ቤት ሆናችሁ አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአገራችን «አማኑኤል» የሆስፒታል ስም ብቻ አይደለም፤ መሰዳደቢያም ሆኗል። ያ ፍርሃት አብሮን ተሳፍሮ መጥቷል። በሥራዬ የማያቸው የአገሬ ሰዎች የሚመጡት ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ልቤን ያዘኝ» ብለው ነው፤ ጭንቀቱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ አንዳንዴም ልጅ ለእናቷ ታስተረጉማለች። እናት በልጇ አፍ ምኑን ትናገራለች?

ታዲያ «አንቺ ስትጨርሺ ለእኛ ትደርሺልናለሽ» የምትሉኝ አላችሁ። ፍቅራችሁ ይገባኛል፤ ግን አይሆንም። አብራኝ ዕቁብ ለምትጥል፣ ልጇን ክርስትና ላነሣሁላት ሴት ካውንስለር ልሆን አልችልም። ዛሬ ምስጢሯን ሰምቼ እሑድ ድግስ ላይ ስንገናኝ፣ እሷም ትሳቀቃለች፣ እኔም አልበጃትም። የሙያው ሥነ ምግባርም ከዚህ እንድንጠነቀቅ ያስገድደናል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ቢማር ለማኅበራችን ማንንም አላገኘንም። በተለያየ ከተማ አምስት ስድስት ብንሆን ግን የለንደኗ የሊድሱን ሰው፣ የሊድሷ የለንደኑን በቪዲዮ ታያለች።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ለትውልድ ከተማችን ትምህርት ቤት መጽሐፍ እንደምንልክ ሁሉ፣ ማኅበሩ በየዓመቱ ለሁለት አባላት የደረጃ 2 ክፍያ ይሸፍን፤ ሁለቱ ከአንድ ከተማ አይሁኑ። አንዳቸው ወንድ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ ወንዶቻችንም ዝም ብለው የተሸከሙት ብዙ ነገር አለ።

ብዙዎቹ ኮርሶች በሴፕቴምበር ይጀምራሉ፤ ከወዲሁ ጠይቁ። የኮሌጅ ስም የያዛችሁ ካላችሁ ቡናው ላይ አምጡልኝ፤ በየትኛው መዝገብ እንደሚያስገባ አብረን እናያለን።