«ያልተገለጸ» የምትል ቃል

(ከአባላታችን አንዷ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር)



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ የሕክምና ኮድ መስጠት ነው። እዚህ አሜሪካ ሐኪም አንድ በሽተኛ ባየ ቁጥር የጻፈውን ማስታወሻ እናነብና በሽታውን ወደ ፊደልና ቁጥር እንለውጠዋለን። ኢንሹራንሱ እከፍላለሁ ወይም አልከፍልም የሚለው ያንን ኮድ አይቶ ነው። እውነቱን ለመናገር እስከ አምና ድረስ ሥራዬን የማየው እንደ እንጀራዬ ብቻ ነበር። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት በእናቴ ላይ በደረሰው ነገር ነው። እንድናገረውም ፈቅዳልኛለች።

እናቴ እኔ ልጅ ሳለሁ አገር ቤት የእንቅርት ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ዕጢው በሙሉ ወጥቷል። እኛ ልጆቿ ግን «ታመመች፣ ዳነች» ከማለት ሌላ የምናውቀው አልነበረም። ጠባሳውን በሻሽ ትሸፍነዋለች፣ በየቀኑ አንዲት ክኒን ትውጣለች፣ በቃ። እዚህ እንደመጣች ሐኪም ዘንድ ወሰድኳትና እኔው አስተረጎምኩ። «ኦፕራሲዮን ተደርገሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «ኧረ እኔ ምንም የለብኝም፣ የታይሮይድ ክኒን ብቻ ነው የምወስደው» አለች። እኔም እንዳለችው ተረጎምኩ። በመዝገቧ ላይ የሰፈረው ኮድ ኢ 03.9 ሆነ። ትርጉሙ «የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ያልተገለጸ» ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንሹራንሷ ሲቀየር ሐኪሟም ተቀየረ። አዲሱ ሐኪም መዝገቡን አየ፤ ምክንያቱ አልተገለጸም፣ ኦፕራሲዮን የለም፣ የደም ምርመራዋም ደኅና ነው። ስለዚህ «ምናልባት ላያስፈልግሽ ይችላል፤ ለጥቂት ሳምንታት አቁሚውና እንየው» አላት። የደም ምርመራው ደኅና የሆነው ክኒኑን ስለምትወስድ መሆኑን እኔ እንኳ ልብ አላልኩም።

ክኒኑ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልታየባትም። በአምስተኛው ሳምንት ግን ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎረነነ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ቡና እያፈላች ረከቦቱ ሥር እንቅልፍ ጣላት። ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። ነርሷ አንገቷን ልታይ ሻሹን ስትፈታ «ይህ ጠባሳ የምንድን ነው?» አለች። ይህን ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? እኛ ግን ደብቀን ሳይሆን ሳንናገር ቀርተን ነው።

ሐኪሙን አልወቅስም። ያነበበው የተጻፈውን ነው። ለኦፕራሲዮን ሰው ሌላ ኮድ አለ፤ ኢ 89.0 ይባላል፤ «ከሕክምና ሥራ በኋላ የመጣ የታይሮይድ ማነስ» ማለት ነው። ያ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማንም ሐኪም ክኒኑን አያስቆማትም ነበር፤ ዕጢ የሌለው ሰው ያለ ክኒኑ መኖር አይችልምና።

እኅቶቼ፣ ሁላችንም አንድ ስም የምንሰጠው በሽታ በመዝገብ ላይ ብዙ ስም አለው። ሰውነት የራሱን ዕጢ ሲያጠቃ፣ ማለትም የሐሺሞቶ በሽታ ሲሆን፣ ኢ 06.3 ነው። መድኃኒት ያመጣው ከሆነ ኢ 03.2 ነው። በአዮዲን እጥረት የመጣው ለብቻው ይመደባል፤ ከደጋው አገር የመጣን ሰዎች እንቅርትን ከልጅነታችን የምናውቀው በዚሁ እጥረት ነው። እርጉዝ ሴት ደግሞ የእርግዝናው ኮድ ይቀድምላታል። በእርግዝና ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን ብዙ ጊዜ መጨመር ስላለበት ነገሩ ለጽንሱም ነው።

እኛ ኮድ ሰጪዎች ከራሳችን አንጨምርም። የደም ምርመራው ቁጥር ከፍ ብሎ ብናይም ሐኪሙ በሽታውን በስሙ ካልጻፈ በሽታው አለ ብለን ኮድ አንሰጥም። በክሊኒክ ቀጠሮ ላይ «ሳይሆን አይቀርም» ወይም «ይጠረጠራል» ብሎ ከጻፈም የምንጽፈው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ድካም፣ የክብደት መጨመር፣ የሆድ ድርቀት። ምልክቱን ደግሞ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችሁ ብቻ ከወጣችሁ መዝገቡም ደኅና ናት ይላል። ኢንሹራንሱም «ምርመራው ለምን ታዘዘ?» ብሎ ሂሳቡን ወደ እናንተ ሊመልሰው ይችላል።

ስለዚህ ከእናቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ኦፕራሲዮን፣ የአዮዲን ጨረር ሕክምና ወይም አገር ቤት የወሰዳችሁት መድኃኒት ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ወረቀቱ ቢጠፋም ጠባሳውን አሳዩ።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። እኔ ሙያዬ ሆኖ እንኳ ተሳስቻለሁ፤ እናት ደግሞ በልጇ ፊት የማትናገረው ነገር አላት።

ሦስተኛ፣ መዝገባችሁን ጠይቃችሁ አንብቡ። ሕጉ መብት ይሰጣችኋል፤ በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል። ስሕተት ካለበት እንዲታረም በጽሑፍ አመልክቱ። «ያልተገለጸ» የሚል ካያችሁ ሐኪሙን «ምክንያቱ ምንድን ነው? ይጻፍልኝ» በሉት። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ የሚታወቅ ሆኖ ሳይጻፍ መቅረት ግን የለበትም።

አራተኛ፣ ሂሳብ ሲመጣባችሁ ደንግጣችሁ አትክፈሉ፤ መሳቢያ ውስጥም አትክተቱት። በየትኛው ኮድ እንደተላከ ጠይቁ። ኮዱ መዝገቡ ከሚለው ጋር ካልገጠመ ሊስተካከልና እንደገና ሊላክ ይችላል።

አምስተኛ፣ ክኒኑን በባዶ ሆድ በውኃ ዋጡ፤ ቁርስና ቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆዩ። የብረትና የካልሲየም ክኒን ከሆነ አራት ሰዓት ያህል ይራራቅ። ሐኪም «አቁሚ» ቢላችሁ «ለምን የጀመርኩት ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እናቴ አሁን ደኅና ናት። መዝገቧም ታርሟል። ሻሿን ግን አልተወችም፤ ሐኪም ቤት ስትገባ ብቻ ትፈታዋለች።

ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ከቡናው በፊት አንድ ጠረጴዛ ለዚህ እንድንለይ ጥያቄዬን አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ እንሞላለን፤ ምን ታመምን፣ የት ተቆረጥን፣ ምን እንወስዳለን። እንግሊዝኛውን ለመጻፍ እኔ አለሁ። ለእናቴ ሳልጽፍላት የቀረሁትን ለእናንተ እናቶች ልጻፍ።