ጠባቧ ክፍልና ትልቋ ልጅ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሴቶች ስንነሣ ሁልጊዜ ስለ ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ ግን በአንድ ሥዕል እንጀምራለን፤ ገንዘቡም በኋላ ይመጣል።

ለልጆች ማንበቢያ ከተለገሱን አሮጌ መጻሕፍት አንዱ ሉዊስ ካሮል የጻፈው የአሊስ ተረት ነው። እንግሊዝኛውን ሁላችን ባናነበውም ሥዕሉን እየተቀባበልን አይተነዋል። አሊስ ጥንቸሉ ቤት ገብታ ከአንድ ጠርሙስ ትጠጣለች፤ ወዲያው ታድግና ክፍሉ ይጠባታል። ራሷ ከጣሪያው ተጣብቋል፣ አንድ እጇ በመስኮት ወጥቷል። አንዷ እህታችን «ይቺማ የእኔ ኪራይ ቤት ናት!» ብላ አሳቀችን። ልጅቷ ግን አታለቅስም። ውጭ ያሉት ጠጠር ሲወረውሩባት ጠጠሩ ኬክ ይሆናል፤ ያንኑ በልታ አንሳ በበሩ ትወጣለች።

ሥዕሉ ቀለም የለውም፤ ሁሉም በቀጫጭን ጥቁር መስመር ነው። ሠዓሊው ጆን ቴኒዬል የሣለውን ዳልዚኤል የሚባሉ ወንድማማቾች በእንጨት ላይ ቀረጹት። ነጭ የሚሆነው ሁሉ ተፍቆ ይወጣል፤ ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው መስመር ብቻ ነው። በመጽሐፉ እንዲህ ያሉ 42 ሥዕሎች አሉ።

ካሮል በኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ የኅትመቱንም ወጪ የቻለው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 2,000 ቅጂ ታተመ። ቴኒዬል በወጣትነቱ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ነው፤ ሆኖም የኅትመቱን ጉድለት አይቶ «አልወደድኩትም» አለ። ካሮልም መጽሐፉን ሰብስቦ እንደገና አሳተመ። ዛሬ የምናየው ጥርት ያለ መስመር የዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው።

እዚህ ላይ እኛ የምንናዘዘው አለ። አምና ያሳተምነው የቁጠባ ደብተር መስመሩ ደብዛዛ መሆኑን ስንረከብ አይተናል። «የማኅበሩ ገንዘብ አይባክን» ብለን ዝም አልን። ባለፈው ወር አንዲት እናታችን ደብተሯን ለልጇ አስነበበች፤ ልጅቷ የወጪውን ዓምድ የቀሪ አድርጋ አነበበችው። እናትየዋ ገንዘቧ የጠፋ መስሏት ሌሊቱን ሳትተኛ አነጋች፤ ልጇንም ተቆጣች። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የእኛ ነው። ሁለቱንም ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬም በፊታችሁ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ደብተሩ ተሰብስቦ እንደገና እንዲታተም ሐሳብ እናቀርባለን። ወጪው ከዓመቱ የሻይ በጀት ሊሸፈን ይችላል፤ ሻዩን በየተራ ከቤታችን እናመጣለን። ውሳኔው የእናንተ ነው። ናሙናው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ መነጽር ያላችሁም የሌላችሁም እያነሣችሁ እዩት።