ሙቀት ሲበረታ ጎረቤትን ማንኳኳት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሙቀት እንነጋገራለን። «ድሬዳዋ ተወልደን አድገን ስለ ሙቀት ማን ያስተምረናል?» የምትሉ አትጠፉም፤ እኛም በኮሚቴው መጀመሪያ ያልነው ይኸንኑ ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ግንቦት ከቀብር ስንመለስ አንድ አባታችን ድንኳን ውስጥ ሲዝለፈለፉ «ልብ ነው»፣ «ግፊት ነው» እየተባባልን ቆምን። አንዲት እናት ባልዲ ሙሉ ውሃ ባያፈሱባቸው ኖሮ ሁለተኛ ድንኳን እንተክል ነበር።

የዛሬው ሙቀት የልጅነታችን ሙቀት አይደለም። የሰው ልጅ ከሰልና ነዳጅ ሲያነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ጋቢ ምድርን ሸፍኖ ሙቀቷን ይይዛል። በዚህም ምክንያት ዓለም ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ በአማካይ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። «1 ዲግሪ ምን አላት?» ይባል ይሆናል። ነገር ግን የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሊቃውንት በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ ድሮ በ10 ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው ብርቱ ሙቀት አሁን ወደ ሦስት ጊዜ ያህል ይመጣል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይን የመታው ሙቀት 15,000 ያህል ሰው ገደለ። ሐኪም ጠፍቶ አይደለም፤ አገሩ ሀብታም ነው። አብዛኞቹ ሟቾች አረጋውያን ነበሩ፤ ብቻቸውን የሚኖሩም ብዙ ነበሩባቸው። ወሩ ደግሞ አገሬው ለዕረፍት የሚበተንበት ነው። በመጨረሻ ፓሪስ አጠገብ በቲዬ መካነ መቃብር ጠያቂ ዘመድ ያልተገኘለት 57 አስከሬን ተቀበረ፤ ፕሬዚዳንቱ ዣክ ሺራክ ራሳቸው ከቀብሩ ቆሙ። ፕሬዚዳንት ተገኝቶ ጎረቤት የታጣበት ቀብር! ዕድርተኛ ለሆነ ሰው ይኸ ለጆሮ ይከብዳል።

ሰውነት የሚበርደው በላብ ነው። ሽማግሌ ሰው ግን ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም፣ ላቡም ይቀንሳል። የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ሰው ሌሊትም ካልበረደለት በማግሥቱ ይደክማል። ስለዚህ ሳይጠማን እንጠጣ፤ በርጫ የተቀመጠም ውሃውን አይርሳ። ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና ቁርጠት ሲመጣ ጥላ ውስጥ ማረፍ ነው። ሰውየው መዘባረቅ ከጀመረ ወይም ከወደቀ ግን ለሕይወቱ ያሰጋል፦ ነውር ነው ሳንል ልብሱን ማላላት፣ ገላውን በውሃ ማራስ፣ ማራገብ፣ እያራስን ወደ ሐኪም ቤት ማሮጥ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይጨመርም፤ ያንቀዋል።

ኮሚቴው ለድምፅ የሚያቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሃይማኖቱ ሥርዓት እስከፈቀደ ድረስ በግንቦትና በሰኔ ቀብር በእኩለ ቀን ቀርቶ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሞት ሲሆን በየደጁ የሚዞረው ለፋፊያችን ሙቀት በበረታባቸው ቀናት ብቻቸውን የሚኖሩትን በጠዋትና በማታ ያንኳኳ፤ አበሉ ከዕድሩ ይከፈል። «ገንዘባችን ለቀብር ነው» የሚል ቅሬታ ሰምተናል፤ ቅሬታ አቅራቢዎቹ ይናገሩ፣ እንሰማለን። እስከዚያው ግን በየአጥራችሁ ብቻቸውን ያሉትን እናትና አባት ስም ሳትወጡ ለጸሐፊው አስመዝግቡ፤ መዝገቡ በር ላይ ነው።