አሮጌ ኮምፒዩተር ያስተማረኝ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 በዛሬው በዓል የምናገረው በዕቃ ቤታችን ትቢያ ለብሰው ስለ ነበሩት አሮጌ ኮምፒዩተሮች፤ እነርሱንም ስንጠግን ስለ ተማርነው ነገር ነው።

አንዳንድ ሰው «ያረጀውን ከመጠገን አዲስ መግዛት አይሻልም ወይ?» ይላል። ገንዘብ ላለው ይሻል ይሆናል። ነገር ግን አዲሱን የገዛ ሰው አጠቃቀሙን እንጂ አሠራሩን አይማርም። የአሮጌው ክዳን በጥቂት ብሎን ይከፈታል፤ ክፍሎቹ እየተነቀሉ ይታያሉ፤ ቢበላሽም ኪሳራው ቀላል ስለ ሆነ ተማሪ ሳይፈራ ይነካዋል።

ይህም ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ፒሲ ያወጣው በነሐሴ 1973 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 8088፣ ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ፣ የአነስተኛው ዓይነት ራም 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ኩባንያው ግን የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ንድፍ በመጽሐፍ አሳትሞ ስለ ሸጠ፣ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸውን 5 ቦታዎችም ስለ ተወለት፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ከእርሱ ጋር የሚስማማ ዕቃ ለመሥራት ቻሉ። ዛሬ ከአንዱ ኮምፒዩተር የተነቀለ ክፍል በሌላው ላይ ሊሰካ የሚችለው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው።

ሆኖም ሁሉም ከሁሉ ጋር አይገጥምም። ዲዲአር2 የተባለው ራም በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ስለሚሠሩ፣ ሰው እንዳይሳሳት በግርጌያቸው ያለው ቅንጣቢ በተለያየ ቦታ ተቆርጧል። ስለዚህ አልገባ ያለውን ዕቃ በኃይል መግፋት ሳይሆን ደግሞ ማየት ይገባል።

ብልሽት ስንፈልግ የምንከተለው ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድመን ገመዱን ከሶኬት እንነቅላለን። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ከቶ አንከፍትም፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉና። ቀጥሎ ትቢያውን በለስላሳ ብሩሽ እንጠርጋለን፤ በማዘርቦርዱ ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር እንዳለ እንመለከታለን፤ ራሙን ነቅለን መልሰን እንሰካለን። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካስቸገረ ባለ 3 ቮልቷን ክብ ባትሪ እንለውጣለን። ከሁሉ በላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፤ ሁለት ከለወጥን የትኛው እንዳዳነው አናውቅምና።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራችሁ። ከአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ በስተጀርባ 115 እና 230 የሚል ቁጥር ያለባት ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለች። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ 230 ላይ መቆም አለባት። እኔ አንድ ቀን ትቢያ ስጠርግ «ይህች ደግሞ ምን ትሆን?» ብዬ ወደ 115 ገፋኋት፤ መመለሷንም ረሳሁ። ገመዱን በሰካሁ ጊዜ እንደ ርችት ጮኸ፤ ጢስም ወጣ። መቀየሪያዋ በ115 ላይ ስትሆን ፓወር ሰፕላዩ የገባውን ቮልት በእጥፍ ስለሚያሳድገው ካፓሲተሮቹ አልቻሉትም። እኔም ጓደኞቼ ከደጅ ሮጠው እስኪደርሱ ድረስ ገመዱን ነቅዬ፣ መቀየሪያዋን ወደ ቦታዋ መልሼ፣ «አርጅቶ ነው» አልኋቸው።

ውሸቴ ትንሽ መስላ ታየችኝ። ነገር ግን ጓደኛዬ መቀየሪያዋን መርምሮ በትክክለኛው ቦታ ስላገኛት፣ «እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን ያቃጠለው የማዘርቦርዱ ብልሽት ነው» ብሎ ደመደመ። አስተሳሰቡ ደኅና ነበር፤ ያሳሳተው እኔ የሰወርሁበት ነገር ነው። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ማዘርቦርዱን ሲመረምር ዋለ፤ ሌላውን ፓወር ሰፕላይ እንዳያቃጥልብን ፈርቶም ሊያገናኘው አልደፈረም። በአራተኛው ቀን ማዘርቦርዱን ከሚጣሉት ዕቃዎች ጋር ሲያኖረው ባየሁ ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ፤ በመምህራችን ፊት እውነቱን ተናገርሁ። ጓደኛዬ አልተቆጣም፤ «ሦስቱን ቀን ግን ማን ይመልስልኛል?» አለኝ ብቻ። ይህም ቃል ከቁጣ ይልቅ ተሰማኝ። ደኅናውን ፓወር ሰፕላይ አገናኘነው፤ አንድ አጭር ድምፅ አሰማ፤ ስክሪኑም በራ።

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። እኔ ግን እስኪጠራ ድረስ የሚደክመው ሌላ ሰው እንደ ሆነ ተማርሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍላችን አንድ የጥገና ደብተር አለ፤ የነካነውንና የለወጥነውን ሁሉ፣ ስሕተታችንንም ጭምር፣ እንጽፍበታለን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ቀይዋ መቀየሪያ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ዊንዶውስ 10 የተባለው ፕሮግራም የተለመደው ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ደኅና ኮምፒዩተር ሁሉ «ጊዜው አልፎበታል» እየተባለ እንዲጣል ይታሰብ ይሆናል። በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስን ጭኖ ብዙውን ለትምህርት ማዋል ይቻላልና፣ ከመጣላችሁ በፊት ልጆቻችሁ ይክፈቱት። ጓደኞቼ ሆይ፤ እናንተም ብሎን መፍቻውን ስታነሡ ደብተሩን አብራችሁ አንሡ፤ ብታበላሹም «እኔ ነኝ» ለማለት አትዘግዩ።